የሚያብለጨልጨው ኳርትዝ፦ አቬንቱሪንን በብርሃን፣ በሚዛንና በውሃ እንዴት እንለያለን?

አንድ አረንጓዴ ድንጋይ በእጃችሁ አለ እንበል። ወደ መስኮት ጠጋ ብላችሁ ዘንበል ስታደርጉት ከውስጡ እንደ ተዘራ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። ትንሽ ስታዞሩት ብልጭታው ይጠፋል። መልሳችሁ ስታዞሩት ይመለሳል። ይህ ድንጋይ አቬንቱሪን ሊሆን ይችላል፤ ኳርትዝ ከሚባለው ጠንካራ ማዕድን ቤተሰብ ውስጥ እኔ አብልጬ የምወደው ድንጋይ ነው። "ሊሆን ይችላል" ያልኩት በምክንያት ነው። ቀለም የተነከረ ተራ ድንጋይም፣ መስታወትም፣ ጭራሽ ሌላ ማዕድንም ሊሆን ይችላልና።

እንዴት እንደሚለይ ደረጃ በደረጃ አሳያችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። የሚያብለጨልጨው ኳርትዙ አይደለም። ኳርትዙ መስኮት ነው። የሚያብለጨልጩት በውስጡ የታሰሩ የሌላ ማዕድን ስስ ገለፈቶች ናቸው። እነዚህ ገለፈቶች ደግሞ እንደነገሩ አልተበተኑም፤ የተኙበት አቅጣጫ አላቸው። ያንን አቅጣጫ ማንበብ ከቻላችሁ ድንጋዩን ለመለየትም፣ እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳትም፣ ቆርጦ ለማስዋብም ዋናውን ነገር ያዛችሁ ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ብዙ አይደሉም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ማለትም ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚይዟት ትንሽ ማጉያ። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት። እስከ ግራም መቶኛ ድረስ የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ቀጭን ክር፣ ጥጥ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፣ እና አንድ የብረት ሞረድ። ሉፑን አትለፉት። ከሁሉም ዕቃ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው።

ደረጃ 1፦ እጠቡት፣ ከዚያ አዘንብሉት

ድንጋዩን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ላዩ ላይ ያለ የእጅ ቅባትና አቧራ ብልጭታውን ይሸፍናል፤ ከዚያም በላይ በሉፕ ስታዩ ያሳስታችኋል።

አሁን ክፍሉን ጨለም አድርጉና አንድ መብራት ብቻ አብሩ። መብራቱ ከትከሻችሁ ኋላ ይሁን። ድንጋዩን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። በመጨረሻም ገልብጣችሁ ጎኑን እዩ።

የተፈጥሮ አቬንቱሪን ከሆነ በአብዛኛው አንድ ፊት ከሌሎቹ ይበልጥ ይደምቃል። በዚያ ፊት ላይ በተወሰነ ማዕዘን ብዙ ነጥቦች ባንድ ጊዜ ቦግ ይላሉ። ጎኑን ስታዩ ግን ብልጭታው ይሳሳል፤ አንዳንዴም በነጥብ ፋንታ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ይህ የሚሆነው ገለፈቶቹን ከላይ ስታዩ ሰፊ ፊታቸው እንደ መስታወት ብርሃን ስለሚመልስ፣ ከጎን ስታዩ ደግሞ ጠርዛቸው ብቻ ስለሚታይ ነው። የተደረደሩ የመጽሐፍ ገጾችን ከላይና ከጎን እንደማየት ነው።

ብልጭታው ከየትኛውም ጎን እኩል ከሆነ፣ ጥቅጥቅ ያለና ምንም ክፍተት የሌለው ከሆነ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ገና አትፍረዱ። ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

የዚህ ዓይነቱ ብልጭታ የራሱ ስም አለው፦ አቬንቱረሰንስ ይባላል። የነብር ዓይን በሚባለው ኳርትዝ ላይ ከሚታየው ይለያል። በነብር ዓይን ላይ ብርሃኑ እንደ ሐር ክር የሚንሸራተት አንድ ረጅም ጨረር ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ውስጥ ያለው መዋቅር ክር መሰል ነው። በአቬንቱሪን ግን የተበታተኑ ነጥቦች ናቸው። ክር ጨረር ይሰጣል፣ ገለፈት ነጥብ ይሰጣል። ይህችን ልዩነት ከያዛችሁ ሁለቱን ድንጋዮች አታምታቱም።

ደረጃ 2፦ በሉፕ ውስጡን እዩ

ሉፑን ወደ ዓይናችሁ እስኪነካ አስጠጉ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ ሉፑ አምጡት፤ ሉፑን ወደ ድንጋዩ አትውሰዱት። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ።

በአረንጓዴ አቬንቱሪን ውስጥ የምታዩት ይህን ይመስላል። ጥርት ያሉ ወይም ነጣ ያሉ የኳርትዝ ቅንጣቶች እንደ ስኳር ተጣብቀው ይታያሉ። በመካከላቸው አረንጓዴ ገለፈቶች አሉ። አረንጓዴው ቀለም ያለው በገለፈቶቹ ላይ እንጂ በኳርትዙ ላይ አይደለም። ገለፈት በበዛበት ቦታ ቀለሙ ይጠቁራል፣ በሳሳበት ይነጣል። ስለዚህ የተፈጥሮው ድንጋይ ቀለም ብዙውን ጊዜ ወጣ ገባ ነው፤ ደብዛዛ ንጣፍ፣ ጠቆር ያለ ንጣፍ፣ እዚህም እዚያም ነጭ ደመና።

አረንጓዴዎቹ ገለፈቶች ፉክሳይት ይባላሉ። ፉክሳይት ክሮሚየም የሚባል ንጥረ ነገር የገባበት ማይካ ነው፤ ማይካ ደግሞ በስስ ገለፈት የሚላጥ ማዕድን ነው። ስሙን ያገኘው ዮሐን ኔፖሙክ ፎን ፉክስ ከሚባል ጀርመናዊ የኬሚስትሪና የማዕድን ሊቅ ነው። ተራው ማይካ ፖታሲየም፣ አሉሚኒየምና ሲሊከን አለው። ከአሉሚኒየሙ ትንሹ በክሮሚየም ሲተካ ማይካው ይለመልማል። ኤመራልድን አረንጓዴ የሚያደርገውም፣ ሩቢን ቀይ የሚያደርገውም ይኸው ክሮሚየም መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ የሚኖርበት ቤት ሲለወጥ ቀለሙ ይለወጣል።

ድንጋዩ ቀይ፣ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ገለፈቶቹ ሌላ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሄማታይት ወይም ጎታይት፣ ሁለቱም የብረት ማዕድናት ናቸው። ሰማያዊ አቬንቱሪንም አለ፤ በእሱ ውስጥ ቀለሙ የሚመጣው ከሌሎች ጥቃቅን ማዕድናት ነው። አረንጓዴው ግን ከሁሉም ይበልጥ የተለመደው ነው።

አሁን ስለ መስታወቱ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ያገኘሁት "ቡናማ አቬንቱሪን" መስታወት ነበር። ሻጩ እንደ ተፈጥሮ ድንጋይ ነበር የነገረኝ። ያወቅሁት ሉፕ በገዛሁ ቀን ነው። በጣም አዝኜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሉፕ ሳልይዝ ድንጋይ አላይም።

ይህ መስታወት ጎልድስቶን ይባላል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቬኒስ፣ በሙራኖ ደሴት የነበሩ የመስታወት ሠሪዎች ያወጡት ነው። የቀለጠ መስታወት ውስጥ የመዳብ ውህድ ይጨምራሉ። ምድጃው ውስጥ ኦክስጅን እንዲያንስ ያደርጋሉ። ከዚያ ሙቀቱን ጠብቀው በጣም ቀስ ብለው ያቀዘቅዙታል። መዳቡ ከመስታወቱ ተለይቶ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ክሪስታሎች ይሆናል። በአፈ ታሪክ እንደሚባለው አንድ ሠራተኛ ሳያስብ የመዳብ ብናኝ ቀልጦ ወደነበረ መስታወት ጣለ። በጣልያንኛ "አ ቬንቱራ" ማለት "በአጋጣሚ" ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። እዚህ ላይ አንድ የተገለበጠ ነገር አለ፦ ስሙ መጀመሪያ የመስታወቱ ነበር። ድንጋዩ ስሙን የወሰደው መስታወቱን ስለሚመስል ነው እንጂ፣ መስታወቱ ድንጋዩን ስለመሰለ አይደለም።

በሉፕ ስታዩት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጎልድስቶን ውስጥ ያሉት የመዳብ ክሪስታሎች ጠርዛቸው የተቆረጠ ሦስት ማዕዘንና ስድስት ማዕዘን ናቸው። መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የተንሳፈፉ ይመስላሉ፤ በየአቅጣጫው ስለሚዞሩ ድንጋዩን በየትኛውም ጎን ብትይዙት ብልጭታው አይጠፋም። የኳርትዝ ቅንጣቶች የሚመስል ነገር አታዩም። አንዳንዴ ክብ የአየር አረፋ ይታያል። ክብ አረፋ ካያችሁ ነገሩ አለቀ፤ መስታወት ነው። የተፈጥሮዎቹ ገለፈቶች ግን ጠርዛቸው የተቀደደ ወረቀት ይመስላል፣ ትልቅም ትንሽም አሉ፣ አብዛኞቹ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል።

መስታወቱ ቡናማ ብቻ አይምሰላችሁ። በኮባልት የተሠራ ሰማያዊ አለ። በክሮሚየም የተሠራ አረንጓዴም አለ።

ደረጃ 3፦ ቀለም የተነከረ መሆኑን አጣሩ

ነጭ ኳርትዛይት፣ ማለትም ከተቆላለፉ የኳርትዝ ቅንጣቶች የሆነ ድንጋይ፣ አረንጓዴ ቀለም ተነክሮ እንደ አቬንቱሪን የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ጥጥ በአሴቶን አርሱና በማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ዶቃ ከሆነ ቀዳዳው አጠገብ፣ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ጥጡ አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ነው። ጥጡ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ድንጋዩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ቀለሞች በአሴቶን አይለቁም።

ስለዚህ ወደ ሉፑ ተመለሱ። የተነከረ ድንጋይ ላይ ቀለሙ የሚሰበሰበው በስንጥቆችና በቅንጣቶች መገናኛ ላይ ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር ይሆናል። ገለፈት የለም፣ አረንጓዴ መስመር ግን አለ። ይህ ከአሴቶኑ ይበልጥ የሚታመን ምልክት ነው።

አንዳንዶች ቼልሲ ፊልተር የሚባለውን ትንሽ የመስታወት ማጣሪያ ይጠቀማሉ። በእሱ ሲታይ ፉክሳይት ያለበት አቬንቱሪን ቀላ ይላል። ጥሩ ፍንጭ ነው። ነገር ግን አንዳንድ የአረንጓዴ ማቅለሚያዎችም በእሱ ስለሚቀሉ፣ ለብቻው አትመኑት።

ደረጃ 4፦ በውሃ መዝኑት

ይህን ደረጃ በጣም እወደዋለሁ። ክርና ብርጭቆ ውሃ ይዛችሁ፣ ላቦራቶሪ የሚሰጠውን ያህል የሚጠቅም ቁጥር ታገኛላችሁ። የምንፈልገው አንጻራዊ እፍጋት ነው። ድንጋዩ ከራሱ ጋር እኩል ቦታ ከሚይዝ ውሃ ስንት እጥፍ ይከብዳል የሚለው ማለት ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን መዝኑና ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ድንጋዩን በክር አስሩ። ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እስኪሰምጥ አውርዱት፤ ግን ወለሉንም ጎኑንም አይንካ። ወለሉን ከነካ ሚዛኑ የሚያነበው የድንጋዩን ክብደት ይሆናል፣ ስሌቱም ይበላሻል። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ለምሳሌ ድንጋዩ ደረቁን 31.80 ግራም መዘነ። ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 12.00 አነበበ። 31.80 ለ12.00 ሲካፈል 2.65 ይሆናል። ይህ የኳርትዝ ቁጥር ነው። አቬንቱሪን ብዙውን ጊዜ ከ2.64 እስከ 2.69 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ማይካ ከኳርትዝ ትንሽ ስለሚከብድ ገለፈቱ በበዛ ቁጥር ወደ ላይ ያዘነብላል።

ይህ መለኪያ ለምን ይጠቅማል? በተለይ ጄድ የሚባለውን ሌላ አረንጓዴ የጌጥ ድንጋይ ለመለየት ነው። አረንጓዴ አቬንቱሪን "የህንድ ጄድ" በሚል ስም ሲቀርብ ታያላችሁ። ስሙ አሳሳች ነው፤ ጄድ አይደለም። ጄድ የምንላቸው ሁለት ማዕድናት ኔፍራይትና ጄዳይት ናቸው። ኔፍራይት ወደ 2.95፣ ጄዳይት ወደ 3.34 ይደርሳል። ያው 31.80 ግራም የሚመዝን ኔፍራይት ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 12.00 ሳይሆን ወደ 10.80 ገደማ ያነብ ነበር። ጄዳይት ቢሆን ደግሞ 9.50 ገደማ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ የሚያጠራጥር አይደለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ የአየር አረፋዎች ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ ድንጋዩንም አርጥባችሁ በጣታችሁ አሹት። ከሁለት ግራም ያነሰ ድንጋይ ላይ ትንሿ ስህተት እንኳ ውጤቱን ታዛባለች፤ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ሁለተኛ፣ ይህ መለኪያ መስታወቱን አይለይም። የጎልድስቶን እፍጋት ከኳርትዝ ጋር ሊገጥም ይችላል። ለእሱ ሉፑ ነው መልሱ።

ደረጃ 5፦ ጥንካሬውን ፈትኑ፣ ግን በጥንቃቄ

ፍሪድሪክ ሞህስ በ1812 እ.ኤ.አ. ማዕድናትን በመቧጨር የሚያወዳድር ከ1 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ አወጣ። በዚህ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው። አቬንቱሪን ከ6.5 እስከ 7 ይባላል። ተራ መስታወት 5.5 ገደማ ነው። ደህና የጠነከረ የብረት ሞረድ 6.5 ይደርሳል።

ስለዚህ ሞረዱን በማይታይ ቦታ፣ ከሥር በኩል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጉት። መስታወት ከሆነ ሞረዱ ይይዛል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ኳርትዝ ከሆነ ሞረዱ ይንሸራተታል፤ ግራጫ መስመር ቢተውም የሞረዱ ብረት ነውና በጣት ሲታሽ ይለቃል። ቀለበት ላይ የተቀመጠ ወይም የሰው ድንጋይ ከሆነ ይህን ደረጃ ዝለሉት። ሉፑና ሚዛኑ ይበቃሉ።

በመርፌ ጫፍ መሞከር ግን አልመክርም። ማይካ በሞህስ መለኪያ 2.5 ገደማ ስለሆነ መርፌው ገለፈት ላይ ካረፈ በቀላሉ ይገባል። "ድንጋዩ ለስላሳ ነው" ብላችሁ የተሳሳተ ፍርድ ትሰጣላችሁ።

የተሰበረ ጠርዝ ካለው በሉፕ እዩት። መስታወት ሲሰበር እንደ ዛጎል የተጠማዘዘና ለስላሳ ገጽ ይሰጣል። አቬንቱሪን ሻካራና ቅንጣታማ ነው። የፀሐይ ድንጋይ የሚባለው፣ ፌልድስፓር ከተሰኘ ሌላ ማዕድን የሆነ ድንጋይ ደግሞ እንደዚሁ ያብለጨልጫል፣ እፍጋቱም ይቀራረባል፤ እሱ ግን በጠፍጣፋ ንጣፎች ይሰነጠቃል። ኳርትዝ እንዲህ ያለ የመሰንጠቂያ ንጣፍ የለውም። ጠፍጣፋ ደረጃ መሳይ ስብራት ካያችሁ ፌልድስፓር መሆኑን አስቡ።

ደረጃ 6፦ ታሪኩን ከድንጋዩ ላይ አንብቡ

አሁን በእጃችሁ ያለው አቬንቱሪን መሆኑን አረጋግጣችኋል እንበል። እንዴት ተፈጠረ? መልሱ ቀደም ብላችሁ ባያችሁት አቅጣጫ ውስጥ አለ።

ነገሩ የጀመረው በአሸዋ ነው። ተራሮች ሲሸረሸሩ ሌሎቹ ማዕድናት ይበሰብሳሉ፣ ኳርትዝ ግን ይተርፋል። ጠንካራ ነው፣ የመሰንጠቂያ ንጣፍ የለውም፣ ውሃም በቀላሉ አያሟሟውም። ወንዝ ይዞት ይወርዳል፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ይከምረዋል። ከእሱ ጋር ጥቂት ሸክላ አፈር አብሮ ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ክሮማይት የሚባል ጥቁር ከባድ ማዕድን በቅንጣት መልክ ይጨመራል። ከባድ ስለሆነ ውሃው ለብቻው በስስ ንጣፍ ያስቀምጠዋል። የክሮሚየሙ ምንጭ እሱ ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ ክሮሚየሙን የሚያመጣው በስንጥቅ የሚዘዋወር ትኩስ ፈሳሽ ነው።

አሸዋው ላይ ሌላ አሸዋ ይከመራል፣ ወደ የአሸዋ ድንጋይ ይለወጣል። ከዚያ የምድር ቅርፊት ሲተጣጠፍ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ይቀበራል። ሙቀቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሴልሲየስ ይደርሳል። ድንጋዩ አይቀልጥም፤ ጠንካራ እንደሆነ ውስጡ ይታደሳል። የኳርትዝ ቅንጣቶቹ በተጫኑበት ጠርዝ እየሟሙ በላላው በኩል እንደገና ይበቅላሉ። መጨረሻ ላይ እርስ በርስ ተቆላልፈው አንድ ወጥ ይሆናሉ። ኳርትዛይት የምንለው ይህ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ስትሰብሩ ስብራቱ በቅንጣቶቹ ዙሪያ ይሄዳል፤ ኳርትዛይት ስትሰብሩ በቅንጣቶቹ መሃል ሰንጥቆ ያልፋል። መቆላለፉ ይህን ያህል ጥብቅ ነው።

ሸክላውስ ምን ሆነ? ማይካ ሆነ። በአጠገቡ ክሮማይት ካለ ክሮሚየሙ ወደ ማይካው ገብቶ ፉክሳይት አደረገው። ማይካ የሚበቅለው ደግሞ እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ ነው። ግፊቱ ከአንድ ወገን ሲበረታ ገለፈቶቹ ለግፊቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይተኛሉ። ብትን ወረቀቶችን ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ከላይ ብትጫኗቸው ሁሉም እየተጋደሙ እንደሚነጠፉት ነው።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ድንጋዩን እንደገና መብራት ሥር አዘንብሉት። በጣም የደመቀውን ፊት አግኙ። ጣታችሁን በዚያ ፊት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ጣታችሁ የሚያመለክተው ያ ድንጋይ ከመሬት በታች ሳለ የተጨመቀበትን አቅጣጫ ነው። እኔ ይህን ሳደርግ እጄ ላይ ያለው ነገር ጌጥ መሆኑ ይረሳኛል።

ጠቆር ያሉ ንጣፎችንም እዩ። ብዙውን ጊዜ ክሮሚየምና ሸክላ የበዛባቸው የጥንት አሸዋ ንጣፎች ቅሪት ናቸው።

እንዲህ ያሉ አረንጓዴ ኳርትዛይቶች በምድር እጅግ አሮጌ አካባቢዎች ይገኛሉ። በደቡብ ህንድ ካርናታካ፣ በዚምባብዌ፣ በብራዚል አሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የሚገኘው ልውጥ አለት ፉክሳይት አለበት፤ ከዚያው አለት ውስጥ 4.4 ቢሊዮን ዓመት የሆናቸው ዚርኮን የሚባል ማዕድን ቅንጣቶች ወጥተዋል። እስካሁን ከታወቁት የምድር ቁሶች ሁሉ የቀደሙ ናቸው። የሩሲያው አቬንቱሪን ደግሞ በትልልቅ የአበባ ማስቀመጫዎቹ ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኒኮላስ ለስኮትላንዳዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ለሮደሪክ ሙርቺሰን የሰጡት አንዱ ማስቀመጫ ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ።

ደረጃ 7፦ ልትቆርጡት ካሰባችሁ

ጥሬውን ድንጋይ አግኝታችሁ ለጌጥ ልታዘጋጁት ከፈለጋችሁ በመጀመሪያ ስለ ሳንባችሁ አስቡ። የኳርትዝ ብናኝ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። በደረቁ በፍጹም አትቁረጡ፣ አትፈጩ። ሁልጊዜ ውሃ እየፈሰሰበት ይሁን፤ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ጭምብልም አድርጉ። የጨርቅ ጭምብል አይበቃም። የረጨውን ጭቃ ሳይደርቅ ጥረጉት፤ ከደረቀ ተመልሶ ብናኝ ይሆናል።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ምልክት አድርጉ። ድንጋዩን አርጥቡት፣ በመብራት አዙሩት፣ በጣም የደመቀውን ፊት ስታገኙ በአሉሚኒየም ሽቦ ጫፍ መስመር አስምሩበት። የእርሳስ ምልክት በውሃ ይጠፋል፣ የአሉሚኒየሙ ግን ይቆያል። የድንጋዩ ጠፍጣፋ መሠረት ከገለፈቶቹ ንጣፍ ጋር ትይዩ እንዲሆን ቁረጡ። በተቃራኒው ከቆረጣችሁት ያው ድንጋይ ደብዛዛ ይሆንባችኋል። ብዙ ጥሩ ድንጋይ የሚበላሸው በዚህ ነው።

ቅርጹ ካቦሾን ይሁን፣ ማለትም ከላይ ጉብ ያለ፣ ከሥር ጠፍጣፋ። ጉብታው ዝቅ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ። ጉብታው ከፍ ባለ ቁጥር ጎኖቹ ከገለፈቶቹ አቅጣጫ ይርቃሉ፣ ብልጭታውም አናቱ ላይ ብቻ ይቀራል።

ሲለሰልስ አንድ የታወቀ ችግር አለ። ኳርትዙ 7፣ ማይካው 2.5 ስለሆኑ መፍጫው ማይካውን ቀድሞ ይበላውና ትናንሽ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። መፍትሔው ስል የሆነ የአልማዝ መፍጫ መጠቀም፣ ቀስ ብሎ መጫንና ደረጃ አለመዝለል ነው። በመፍጫው የደቃቅነት ቁጥር ከ220 ተነሱ፣ ወደ 400፣ 600፣ 1200 ሂዱ። በእያንዳንዱ መሃል ድንጋዩን እጠቡና አድርቃችሁ በሉፕ እዩት፤ የቀድሞው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ለመጨረሻው ማብረቂያ ሴሪየም ኦክሳይድ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ በቆዳ ላይ ይሠራል። ተራ የብርጭቆ ወረቀት እዚህ ቶሎ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ነገር ደግሞ ከመቁረጥ ይልቅ ማይካውን ይነቅለዋል።

ደረጃ 8፦ አያያዙ

ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ቀለም የተነከረ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ብዙ አትዘፍዝፉት። በንዝረት የሚያጥቡ ማሽኖች ውስጥ አታስገቡት፤ ገለፈቶቹ ባሉበት መስመር ደካማ ቦታ ሊኖር ይችላል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ኳርትዝን ይበላል፤ አንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያዎች ውስጥ ስለሚገባ በእነዚህ አታጽዱት። ከቶጳዝ፣ ከሰንፔርና ከአልማዝ ለይታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ሦስቱም ይቧጭሩታል።

የተሰበረ ቀለበት ወይም ማንጠልጠያ ልታስበይዱ ከሆነ ድንጋዩ አስቀድሞ እንዲወጣ ለወርቅ ሠሪው ንገሩ። ኳርትዝ 573 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ የውስጥ አደራደሩ በድንገት ይለወጣል፣ መጠኑም ይሰፋል፤ በዚያ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። የብየዳ እሳት ከዚያ በላይ ይሞቃል። ቀለበቱ ተበይዶ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ድንጋዩ ይመለስ። ሲመለስም የደመቀው ፊት ወደ ላይ መሆኑን መብራት ሥር አዘንብላችሁ እዩ።